ቀይ ጃንጥላ፣ አረንጓዴ በር፦ የአንድ የደሴ ጎዳና ፎቶ የጉዳይ ጥናት

ፎቶው የተነሳው ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት በቀይ ጃንጥላ ስር ተቀምጠዋል፤ ነጭ ነጠላ ደርበዋል። ጀርባቸው አረንጓዴ የተቀባ የብረት በር ነው። በስተቀኝ ሰማያዊ ባጃጅ ቆሟል፣ ከላይ የመብራት ሽቦ ተወሳስቧል፣ ከሁሉም ኋላ የጦሳ ተራራ በጭጋግ ደብዝዞ ይታያል። አንሺው ካሜራ ከያዘ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት ነው። ከ18 እስከ 55 ሚ.ሜ. የሚሄደውን፣ ከካሜራው ጋር የመጣውን ሌንስ 18 ላይ አድርጎ፣ ቀሪውን ሁሉ ለአውቶ ትቶ፣ በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶና አሳንሶ በሚያስቀምጠው ፋይል) ብቻ አነሳው። ቤቱ ገብቶ ስልኩ ላይ አንድ ፊልተር ተጫነና ጥቁርና ነጭ አደረገው፤ ኮንትራስቱንም (የብሩህና የጥቁሩን ልዩነት) እስከ ጥግ ገፋው።

በቀለም ሳለ ሕይወት የነበረው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሞተ። ያሳያቸው ሰዎች “ያምራል”፣ “አሪፍ ነው”፣ “ኮንትራስት ቀንስበት”፣ “ኮንትራስት ጨምርበት” አሉት። ከነዚህ ሁሉ በማግስቱ ካሜራውን ይዞ ወጥቶ ሊያደርገው የሚችል አንድም ነገር አላገኘም። ከዚያ በኋላ ነው ሙያውን ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሦስት ሰዎች ያቀረበው። እነሱ ያሉት፣ እሱ ያደረገውና በመሃል የተበላሸው ከዚህ በታች ተጽፏል።

መጀመሪያ ዝምታ

ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ፤ የስክሪኑ ብርሃን ወደ ግማሽ ተቀነሰ። ሁለት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። ሦስቱም በየወረቀታቸው ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት ሄደ፣ በየት በኩል ከፎቶው ወጣ። አንሺው ምን ሊያሳይ እንደፈለገ ገና አልተናገረም። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ነው። ሐሳቡን አስቀድሞ ከተናገረ ተመልካቹ የተነገረውን ፍለጋ ይገባል እንጂ ያለውን አያይም።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ የእናትየዋን ፊት ቀድሞ የጻፈ አልተገኘም። ሁለቱ በስተግራ ታች ጥግ ላይ የወደቀ ነጭ ፌስታል ጽፈዋል። ሦስተኛው ሰማዩን ጽፏል። መውጫው ለሦስቱም አንድ ነበር፤ ፀሐይ ያነጣችው አስፋልት ዓይንን ይዞ በቀኝ ታች ያስወጣል።

“ጋሼ፣ ሳነሳ ፌስታሉን ልብ አላልኩትም” አለ ወጣቱ።

“እናትየዋን እያየህ ስለነበር ነዋ። ከመጫንህ በፊት አራቱን ጥግ በዓይንህ ዙራቸው፤ ከፊት የበለጠ የነጣ ነገር ካገኘህ አንድ እርምጃ ተጠጋና አውጣው” አሉት ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት።

ሐሳቡን የተጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። “በመንገዱ ግርግር መሃል የእሳቸውን ጸጥታ” አለ። መመዘኛው ይህ ሆነ። ከዚህ ወዲያ የተሰጠ አስተያየት ሁሉ ለዚያ ጸጥታ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ተብሎ ተለካ። “እኔ ብሆን ባጃጁን ብቻ ነበር የማነሳው” የሚል አስተያየት ቢመጣ ስለ ሌላ ፎቶ የተሰጠ ስለሆነ ይቀመጣል። ሌላ ደንብም ተያዘ፤ ጉድለት የጠቀሰ ሰው መንስኤውን አብሮ ይናገራል፣ በቀጣዩ ቀን የሚሠራ አንድ ነገርም ይሰጣል። መንስኤው ካልታወቀ “እዚህ ጋ ይከብደኛል፣ ለምን እንደሆነ አልለየሁም” ማለት ይበቃል።

ሁለት ቀለም፣ አንድ ግራጫ

ትልቁ ጉድለት ጃንጥላውና በሩ ነበሩ። በቀለም ቀይ በአረንጓዴ ላይ ይጮሃል። በጥቁርና ነጭ ጃንጥላው በሩ ውስጥ ሰጠመ፤ እናትየዋም መደገፊያ አጡ። ለማጣራት ዋናው የቀለም ፎቶ ተከፍቶ ሁለቱ ቦታዎች በቀለም መልቀሚያ ተለኩ፤ ልኬቱ ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 (ጨለማ) እስከ 255 (ሙሉ ብሩህ) ነው። ጃንጥላው ቀይ 200፣ አረንጓዴ 50፣ ሰማያዊ 40 አለ። በሩ ደግሞ 60፣ 115፣ 70 ሆነ። ተራው ቅየራ ከቀይ 30፣ ከአረንጓዴ 59፣ ከሰማያዊ 11 በመቶ ይወስዳል፤ አረንጓዴ የሚበዛበት ዓይናችን ለእሱ ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ነው። ይህ ሲሰላ ጃንጥላውም በሩም 94 ገደማ ይወጣሉ። አንድ ግራጫ ማለት ነው። ኮንትራስት የሚሠራው ያለውን ልዩነት በማስፋት ነው፤ እዚህ ግን የሚሰፋ ልዩነት አልነበረም። ወጣቱ መቆጣጠሪያውን እስከ ጥግ ሲገፋ ነጠላው ነጥቶ ፊታቸው ከመጥቆር በቀር ያገኘው ነገር የለም።

መፍትሔው የቀለሞቹን ድርሻ መለወጥ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ቻናል ሚክሰር፣ በነጻ ከሚገኙት ጂምፕ ወይም ዳርክቴብል፣ ስልክ ላይ የስናፕሲድ የቀለም ፊልተሮች ይህን ይሠራሉ። ቀይ 60፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 10 ሲደረግ ጃንጥላው ወደ 139 ወጣ፣ በሩ ወደ 78 ወረደ። ባጃጁ ከ76 ወደ 63 ጠቆረ። የእናትየዋ ጠይም ፊት (140፣ 95፣ 70) ከ106 ወደ 120 ተነሳ። ጠይም ቆዳ ከሦስቱ ቀለማት ቀዩን ይበልጥ ስለሚመልስ፣ ለእኛ ሰው ፊት ቀይ የበዛበት ቅየራ ብዙ ጊዜ ደግ ነው። በተቃራኒው አረንጓዴውን 80፣ ሌሎቹን 10 10 ቢያደርጉት ጃንጥላው 64፣ በሩ 105 ይሆናል፤ ጥቁር ጃንጥላ በገረጣ በር ላይ። እሱም ራሱን የቻለ ፎቶ ነው፣ ግን ፊቱን ያጠቁራል።

ሰማዩ ግን በዚህ አልዳነም። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ቀዩ ሲበዛ ይጠቁራል። የዚያ ቀን ሰማይ ግን በጭጋግ የነጣ (205፣ 215፣ 225) ነበር፤ በተራው ቅየራ 213፣ በቀይ ቅየራ 210። ሦስቱም ቀለማት እንዲህ ሲቀራረቡ ፊልተር የሚይዘው ነገር የለውም። ለነጭ ሰማይ መድኃኒቱ ከፍሬሙ ማስወጣት ነው።

ፀሐይዋ አናት ላይ

ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች፤ በሰዓት ሲታይ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ፎቶው የተነሳው በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት ነበር። እንዲህ ያለ ብርሃን የሚያነጣው የተዘረጋውን ነገር ነው፦ አስፋልት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጃንጥላ አናት፣ ትከሻ። የቆመውን፣ ማለትም ግድግዳውንና ፊትን፣ ጨርፎት ያልፋል። የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ሰማይ ሲጠራ ስስ አየር ወደ ጥላ የሚበትነው ብርሃን ያንሳል፤ ጥላው ከቆላው ይልቅ ጥልቅ ነው።

“ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባለው አንድ ሰዓት አንሳ” የሚለው የተለመደ ምክር ደሴ ላይ እንዳለ አይሠራም። በምዕራብ ጦሳ ፀሐይዋን ቀድሞ ይወስዳታል። መንገዱ ጥላ ገብቶ ሰማዩ ገና ብሩህ ስለሚሆን ያ ሰዓት የሚሰጠው ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር የሆነ ፎቶ ነው። ጠዋትም በምሥራቅ ያለው አዝዋ ገደል ብርሃኑን ያዘገየዋል፤ ምን ያህል እንደሚዘገይ በየሰፈሩ ይለያያል። ስለዚህ ለወጣቱ የተሰጠው የቤት ሥራ ያለ ካሜራ ነበር፤ በአንድ ጠዋት እዚያው ቦታ ቆሞ ብርሃን መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ መቀመጫውን፣ ከዚያ አስፋልቱን የሚነካበትን ሰዓት መጻፍ።

ያጋደለው ግድግዳ

ሁሉም ግድግዳ ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። ወጣቱ ፎቶውን ያቃናው በመንገዱ ጠርዝ ነው። ደሴ ላይ መንገድ ራሱ ተዳፋት ስለሆነ መንገዱን አግድም ያደረገ ሰው ቤቱን ይጥላል። ማቃኛው የበር መቃን፣ የግንብ ማዕዘን ወይም ካሜራው ውስጥ ያለው ውሃ ልክ ነው፤ የመብራት እንጨትም አይታመንም፣ ብዙው ያዘመመ ነው። 18 ሚ.ሜ. ላይ ካሜራውን ወደ ታች ማዘንበሉ ደግሞ ግድግዳዎቹን ወደ ታች አጥብቧቸዋል። ተንበርክኮ ካሜራውን በእናትየዋ የዓይን ከፍታ ቀጥ አድርጎ መያዝ ሁለቱንም ያስተካክላል። አንድ እንጨት ከጃንጥላው አናት የበቀለ መስሎ ይታይ ነበር፤ ለእሱ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ይበቃል።

ሁለተኛው ዙር፦ የተበላሸው ጠዋት

ወጣቱ ሦስት ጠዋት ተመላለሰ። በመጀመሪያው ፈቃድ ጠየቀ፤ ቀድሞ ሳይጠይቅ ማንሳቱም በሂሱ ተነስቶ ነበር።

“እትዬ፣ እንደተቀመጡ አንድ ሁለት ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?”

“አንሳ አባቴ፤ ገበያዬን እንዳትከልልብኝ እንጂ።”

ይህ ፎቶውንም ጠቀመ። ሻጭና ገዢ መሃል መቆም ስለማይችል ከመንገዱ ማዶ፣ አራት ሜትር ያህል ርቆ፣ ሌንሱን 35 ላይ አድርጎ ቆመ። በእሱ ካሜራ አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) 35 ሚ.ሜ. በትልቁ፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው ሴንሰር፣ 50 ገደማ የሚሰጠውን እይታ ይሰጣል፤ ባጃጅ መቆሚያውም፣ የፌስታሉ ጥግም ከፍሬሙ ወጡ።

አንድ ነገር ግን ሦስቱም ሃያሲዎች አላሰቡትም ነበር። ደሴ ጠዋት ትበርዳለች፤ እናትየዋ ጃንጥላውን ገና አልዘረጉም። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የጎን ብርሃን ነበረ፣ ቀዩ ቅርጽ ግን አልነበረም። ጃንጥላው የሚዘረጋው ፀሐይ መቆጥቆጥ ስትጀምር፣ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያን ሰዓት ፀሐይ ከአድማሱ ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ ለጎን ብርሃን አሁንም ይሆናል። 4 ሰዓት ካለፈ ግን ብርሃኑ እየቆመ ይሄዳል። የሥራው ሰዓት በዚህ ተወሰነ።

በሁለተኛው ጠዋት መለኪያውን በትክክል አደረገ። ሮው (ካሜራው ያልተነካውን መረጃ የሚያስቀምጥበት ፋይል) ላይ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ አይኤስኦው (የሴንሰሩ የብርሃን ንቃት) 200፣ ፍጥነቱ ከ1/250 ሰከንድ ሳያንስ። አንድ ነጥብ ብቻ በሚለካው የካሜራው ብርሃን መለኪያ (ሜትር) ነጠላውን ለካና ሁለት ስቶፕ ጨመረ፤ አንድ ስቶፕ ሲጨመር ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሜትር ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፣ ነጭ ነጠላም ለብቻው ሲለካ አመድ ይሆናል። አሜሪካዊዎቹ ፎቶ አንሺዎች አንሴል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ያዘጋጁት የዞን ሥርዓት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ከ0 እስከ 10 ይከፍለዋል። መካከለኛው ግራጫ 5 ነው፤ ሁለት ስቶፕ ሲጨመርበት ነጠላው 7 ላይ ያርፋል፦ ነጭ፣ ግን ጥለቱና ሽመናው የሚታይ።

ሂስቶግራሙ (ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ስርጭት ግራፍ) ደህና ነበር። ቤት ሲከፈት ግን ፊታቸውና በትከሻቸው ላይ ያለው ነጠላ ለስላሳ ነጭ ፕላስቲክ መስለው ወጡ። ቀይ ጨርቅ ፀሐይን ሲያሳልፍ በአብዛኛው ቀዩን ብርሃን ያሳልፋል። ከጃንጥላው ስር ያለው ሁሉ ቀይ ታጥቧል፤ ቀዩ ቻናል (የቀይ ብርሃን መዝገብ) ብቻውን ሞልቶ ፈሷል። ወጣቱ ያየው የሦስቱን ድምር የሚያሳየውን አንዱን ሂስቶግራም ነው፤ በዚያ ላይ የቀዩ መፍሰስ አይታይም። በቀይ ቅየራ ደግሞ ይበልጥ የሚወሰደው ያ የፈሰሰው ቻናል ነው። ሮውም ቢሆን ያልተመዘገበ አይመልስም።

ሁለተኛው ሂስ አጭር ነበር። ሁለት ነገር ተባለ፦ ሦስቱን ሂስቶግራም ለየብቻ ክፈት፤ ለነጠላው ከሁለት ስቶፕ ይልቅ አንድ ከአንድ ሦስተኛ ጨምር። ከኤዲቱም አንድ ነገር ተነቀፈ። የጠራ ሰማይ ስላገኘ ሰማያዊውን እስከ መጨረሻው አውርዶት ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ግን ከሦስቱ ቻናሎች አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚሻክረው ሰማያዊው ስለሆነ ሰማዩ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ፣ በጦሳ ጫፍም ዙሪያውን ነጭ ክር ወጣ። ክላሪቲውንም (ጠርዝን የሚያጎላውን መቆጣጠሪያ) 70 አድርሶት ስለነበር ክሩ ወፈረ። ክላሪቲው ወደ 15፣ የሰማያዊው ቅነሳ ወደ ግማሽ እንዲመለስ ተነገረው።

ሦስተኛው ጠዋት

ሌሊቱን በልግ ዘንቦ ነበር። እርጥብ አስፋልት ፀሐይ ከፊት ስትሆን እንደ መስታወት ይነጣል፤ ከጎንና ከኋላ ስትሆን ግን ይጠቁራል። ወጣቱ ፀሐይዋን በቀኝ ትከሻው በኩል ስላደረገ፣ በመጀመሪያው ፎቶ ዓይንን ይዞ ይወጣ የነበረው መንገድ አሁን ጥቁር ምንጣፍ ሆነ። ካሜራውን አቁሞ ጠበቀ። ግርግሩ እንዲሰማ መንገደኞች ያስፈልጋሉ፣ ግን ከእናትየዋ ፊት ተደራርበው አይደለም። ጥቂቱን በ1/250፣ ጥቂቱን ደግሞ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በ1/30 አነሳ። በ1/30 የሚያልፉት ሰዎች በእንቅስቃሴያቸው ደብዝዘው ተስበው እናትየዋ ጥርት ብለው ቀሩ፤ ጸጥታው የታየው በዚህ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ የገባውን ትርፍ ብርሃን አይኤስኦን ወደ 100፣ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 በመውሰድ ቀነሰው። በእንዲህ ያለ ሴንሰር ኤፍ 16 ጥራትን በጥቂቱ ያለዝባል፤ ለዚህ ፎቶ የሚያስከፍለው ግን ትንሽ ነው። ተመልካቹ የሚፈልገው ዝርዝር ነጠላው ላይ ነው፣ እሱም ተይዟል።

ምርጫው የተደረገው ፎቶዎቹን ቴምብር እስኪያክሉ አሳንሶ በማየት ነው። በዚያ መጠን ዝርዝር ይጠፋና የብርሃንና የጥላ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ከአንዱ በቀር በሁሉም ላይ የሚያልፍ ሰው ከጃንጥላው ጋር ተጣብቋል። በተመረጠው ላይ ሁለት መንገደኞች በግራ ተስበው አልፈዋል፣ ጃንጥላው ብቻውን ብሩህ ክብ ሆኖ ቆሟል።

ኤዲቱ ከዚህ ወዲያ ጥቂት ነው። ቅየራው ቀይ 55፣ አረንጓዴ 35፣ ሰማያዊ 10። ፊቱ በለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሰቱ 10 በመቶ ሆኖ፣ ሩብ ስቶፕ ያህል ተነሳ። አራቱ ጥግ በጥቂቱ ጠቆሩ። በቀኝ ላይኛው በኩል ሁለት ሽቦ ቀርቷል። ከሃያሲዎቹ አንዱ ይጥፋ አሉ፤ ሁለቱ የከተማ ፎቶ ያለውን ሊያፍቅ አይገባውም ብለው ተቃወሙ። ሽቦው ቀረ። ትክክል ነው፤ የሚነቀፍ ሽቦ ፎቶው ሲነሳ ቦታ በመቀየር መወገድ ነበረበት። ጦሳ በፍሬሙ መግባቱ ላይ ግን አልተስማሙም። አንዱ ደሴን ደሴ የሚያደርጋት እሱ ነው ይላሉ፤ ሌላው ከጃንጥላው ጋር የሚሻማ ሁለተኛ ቅርጽ ሆኖባቸዋል።

ወረቀት ላይ

በፎቶ ቤቶች ያለው ማሽን በአብዛኛው የቀለም ወረቀት ነው የሚያትመው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በዚያ ሲወጣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል። ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ እንዲያጠፉ ቀድሞ መንገር፣ ፋይሉን በኤስአርጂቢ (በተለመደው የቀለም ደረጃ) መስጠት፣ ትልቁን ከማሳተም በፊት በ10 በ15 ሴ.ሜ. አንድ ሙከራ ማስወጣት ይገባል። ሙከራው ጠቁሮ መጣ፤ መንስኤው ማሽኑ አልነበረም፣ ወጣቱ ኤዲት ያደረገው የስክሪኑን ብርሃን መቶ በመቶ አድርጎ ነው። ሲሦ ስቶፕ አነሳና በ20 በ30 ሴ.ሜ.፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም 2,362 በ3,543 ፒክሰል)፣ በማት ወረቀት አሳተመ። የማያብረቀርቀው ማት የተመረጠው ነጠላው እንዳያንጸባርቅ ነው፤ ጥቁሩ ግን እንደ አብረቅራቂው ወረቀት አይጠልቅም።

ከ10 በ15ቱ የታረመውን አንዱን ለእናትየዋ ወሰደላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱት።

“ጥለቱ ታየልኝ” አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ሰፌዱ ላይ አሳረፉ። “ግን ገብሱና ሽምብራው አንድ ሆነ። ሰው ምን እንደምሸጥ በምን ያውቃል?”

ሦስቱም ሃያሲዎች ያላዩት ነበር። የተቆላ ገብስና የተቆላ ሽምብራ ቀለማቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የቀለም ድርሻ በመለወጥ አይለዩም። የሚለያቸው ቅርጻቸው ነው፤ ቅርጽ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚመጣ የጎን ብርሃን፣ ሰፌዱንም በፍሬሙ ውስጥ ተለቅ የሚያደርግ ቅርበት ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሳምንት ወጣቱ ሌንሱን 55 ላይ አድርጎ፣ ጃንጥላው ከመዘርጋቱ በፊት፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፌዱ ጎን ተንበርክኳል።